ባዶ ገጽ በመክፈቴ ስለተገመገምሁበት ጉዳይ

ለተከበሩ አቶ ስንታየሁ
የወጣቶች መረጃ ማዕከል ኃላፊ
ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 2005 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤ በዚህ የቆላ ሐሩር ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቢሮዎ ማራገቢያ ያለ ዕረፍት እንዲሽከረከር ከልብ እመኛለሁ። እኔ የኮምፒውተር ክፍሉ ሠራተኛ ካሚል መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ነው የምጽፍልዎ። በነርስነት የተመረቀችው የጎረቤቴ ልጅ ሙሀባ በኢንተርኔት የምትሞላው የሥራ ምዝገባዋ ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ አሁን አሥር ሰዓት አልፏል።

አንደኛ፣ ስለ ፎቶግራፍዎ አመሰግናለሁ። በብራውዘሩ ላይ አዲስ ታብ በተከፈተ ቁጥር የማዕከሉን ሪባን ሲቆርጡ የተነሡት ፎቶ እንዲመጣ ማዘዝዎ ወጣቱን እንደሚያነቃቃ አልጠራጠርም። ብቻ ፎቶው እጅግ ግዙፍ በመሆኑ ለስድስት ኮምፒውተር የምንቆጥባትን ኔትወርክ ጠቅልሎ ይወስዳታል። ሙሀባም ማክሰኞና ረቡዕ እርስዎን ስትመለከት ውላ ቅጹን ሳታይ ወደ ቤቷ ተመልሳለች።

ሁለተኛው ጥፋት የእኔ ነው። ብራውዘሩ ከተለመደው ሴቲንግ ጀርባ የደበቀው ሌላ ገጽ አለው፤ ጥንቃቄ አደርጋለሁ ብሎ ቃል ያልገባ አይገባበትም። ቃል ገብቼ ገባሁ፤ አዲሱን ታብ የሚያዝዘውን መስመር ፈልጌ ባዶ ገጽ እንዲከፍት አደረግሁት። ዛሬ ጠዋት ሙሀባ ቅጹን እስከ ግማሽ ሞላች።

ሦስተኛ፣ ወዲያው ክፍሉን አስቆልፈው ለግምገማ ስለጠሩኝ ክብር ተሰምቶኛል። በሁሉም ፊት «ባዶ ያደረግኸው ማዕከሉ ምንም አልሠራም ለማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ያሰብሁት ፍጥነቱን ብቻ ነበርና ያን የመሰለ ትርጉም ያገኙለት እርስዎ ነዎት፤ ምስጋናውም ለእርስዎ ይገባል። ግለ ሂሴን እስክጨርስ ሙሀባ በር ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ፎቶዎ በክብር ሲመለስ ግን ተስፋ ቆርጣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢንተርኔት ፍለጋ በጭነት መኪና ጋቢና ወደ ደብረ ሲና ወጣች።

አራተኛም ነበረኝ፤ ስልኬን በየደቂቃው ስመለከት ሐሳቡ ጠፋብኝ። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህንንም በቃለ ጉባኤው ቢያሰፍሩት ቅር አይለኝም።

ለሚቀጥለው ግምገማ ከወዲሁ ወንበሩን የያዘ ትሑት ሠራተኛዎ፣
ካሚል አደም

ማስታወሻ፦ ሙሀባ አሁን ደወለች፤ ሊዘጋ አራት ደቂቃ ሲቀረው ተመዝግባለች። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ከማዕከላችን ተጠቃሚ ወጣቶች ተርታ እንደሚያስገቧት ስለማውቅ የአባቷን ስም ልኬልዎታለሁ። አገልግሎቱን ያገኘችበት ቦታ በሚለው ላይ ግን ደብረ ሲና ብለው እንዲሞሉ በትሕትና እጠይቃለሁ።