ልጃችን በረሃ ያሳየችኝ ዓርብ

ለአስናቀች፣ ለኔዋ አስኑ፤

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ጽፌልሽ አላውቅም። መቃብርሽ ዘንድ ስመጣ እያወራሁሽ ስለምውል መጻፉ ትዝም አላለኝ፤ የመቃብር ጠባቂው ሰውዬ አንዳንዴ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። የዛሬው ነገር ግን ቆሞ የሚወራ አይደለም። ረዘም ያለ ነው፤ መሃል ላይም እንባ እንዳያቋርጠኝ ፈራሁ። ደግሞ አትደንግጪ፣ ክፉ ወሬ አይደለም። ስለ ሐና ነው።

በፊት የቤቱን ልንገርሽ። ካርቱም ዳር፣ ሶባ ያለችው ቤታችን እንዳለች ናት። አልጋውን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት፤ እዚያ ሆኜ ባዶ ቦታሽን እያየሁ መነሣት አልቻልኩም ነበር። ሐና በሩን ሰማያዊ ቀባችው። ሳታማክሪኝ ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩ፤ አሁን ግን ከአውቶቡስ ወርጄ ከሩቅ ሳየው ደስ ይለኛል፣ ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ያ የተከልሽው የኒም ዛፍ ጣሪያውን ሊያልፍ ነው። ጎረቤታችን ሐጃ ፋጡማ አሁንም በየጠዋቱ ስምሽን ጠርታ ነፍስ ይማር ትልሻለች። እኔ እዚያው ማንሺያ ሰፈር፣ እዚያው በር ላይ ዘበኛ ነኝ፤ የሌሊቱን ተረኝነት ለወጣት ትቼ የቀን ብቻ ሆኛለሁ። መነጽርም አድርጌያለሁ። ሐና አስረጀህ ትላለች። አንቺ ብትኖሪ አሁን ገና ቁም ነገረኛ መሰልክ ትይኝ ነበር።

ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በመጨረሻዋ ሳምንት ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነሽ ያስማልሽኝን መቼም አልረሳሁም። እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር ያሉት አሠሪዎችሽ ቤት፣ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ያለውን ያንን ደወል አነሣሽብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጮኸ ቁጥር እጅሽን በሽርጥሽ እየጠረግሽ ሮጠሽለታል። ልጄ ደወል ሲጮህ የምትሮጥ እንዳትሆን፣ አደራ፣ አልሽኝ። እኔም በእግዚአብሔር ስም ማልኩልሽ።

አንቺ በሄድሽ በስድስት ወሩ ሐና የነርስነት ትምህርቷን ተወች። ብላት፣ ብላት፣ እምቢ አለች። ደም ማየት አልችልም ነው የምትለው፤ እኔ ግን የሚመስለኝ አንቺ የተኛሽበትን ዓይነት ክፍል በየቀኑ መግባት አቅቷት ነው። ከዚያ ባለፈው ዓመት አንዲት ትንሽ የጉብኝት ድርጅት ውስጥ አስጎብኚ ሆና ተቀጠረች። በየዓርቡ ሰባት ስምንት ሰው ይዛ በጠዋት ወደ በረሃው ፓርክ ትወጣለች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዛቸው ትመለሳለች። ሌላው አባት ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አላውቅም። እኔ የሰማሁት ውሃ የምታድል፣ ሻንጣ የምትሸከም፣ ባለጸጋ ሲጣራ አቤት የምትል ልጅ ነው። ያ ደወል በረሃ ድረስ ተከተላት አልኩ። መሐላዬን የበላሁ መሰለኝ።

አልተጣላንም። ግን አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ሥራዋ አንዲት ነገር ጠይቄያት አላውቅም። ዓርብ አመሻሹ ላይ ስትገባ በር ላይ ጫማዋን ገልብጣ አሸዋውን ስታራግፍ አያታለሁ፣ ዝም እላለሁ። እሷም ያንቺ ልጅ ናት፤ አንድ ቀን ዝም ካልኳት እሷ ሁለት ቀን ዝም ትለኛለች።

ባለፈው ሐሙስ ታዲያ ራት እየበላን ሳለ ድንገት ተናገረች። ነገ የሚመጣ አንድ ሰው ቀርቷል፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ አንተም ነገ ዕረፍት ነህ፣ ናና እይ አባ አለችኝ። ልቤ እምቢ ሊል ነበር። ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። አሠሪዎችሽ ዓርብ ዓርብ ወደዚያው በረሃ ሽርሽር ሲሄዱ ሌሊቱን ተነሥተሽ ምግባቸውን የምትቋጥሪው፣ ቴርሞሳቸውን የምትሞዪው፣ በረዶውን የምታሽጊው አንቺ ነበርሽ። መኪናው ሲወጣ ግን ቤት ጠባቂ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። አሸዋውን ያወቅሽው ምንጣፋቸውን ስታራግፊ ነው። እኔስ ብሆን ሱዳን ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር ከአውቶቡስ መስኮት በቀር ምን አይቻለሁ? እሺ አልኳት።

አሁን ደግሞ ያደረግኩትን ስሚና ሳቂብኝ። መገናኛው ማንሺያ ድልድዩ አጠገብ ነበር። ሐና ዳቦና ውሃ ልትገዛ ቀድማ ወጥታለች። እኔ ያቺን ነጭ ሸሚዜን ለብሼ፣ ጫማዬን ጠርጌ፣ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ሚኒባሷ ቆማለች፣ ሾፌሩ ጎማ ያያል። አንድ መኪና መጥቶ ቆመና ባልና ሚስት ወረዱ፣ ሪያድ ሰፈር የሚኖሩ የካርቱም ሰዎች። አስኑ፣ እግሬን ታውቂው የለም? ሰው ከመኪና ሲወርድ ሲያይ ሳያስፈቅደኝ ይሄዳል። ሄጄ በሩን ከፈትኩላቸው። ሻንጣቸውን ተቀበልኩ። ከኦምዱርማን ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጡ፣ የእነሱንም ጫንኩ። ሁለት ጣልያን መምህራን መጡ፣ ለእነሱማ እጅ ሁሉ ነሣሁ። ያቺ የሪያድ ሰፈሯ ሴትዮ ባርኔጣዋንና የእጅ ቦርሳዋን አስይዛኝ፣ ያ ዓም፣ እንዳትጥለው ብላኝ ገባች። አጎቴ ማለቷ ነው፤ እዚህ አገር ዘበኛ ሁሉ የሰው አጎት ነው።

ሐና ዳቦውን ታቅፋ ስትመጣ የሴት ቦርሳ አንግቼ፣ ባርኔጣ ይዤ ቆሜያለሁ። ፊቷ ተለዋወጠ። እኔም ስህተቴ ያኔ ገባኝ፤ ግን ምን ይደረግ። አባቷ ዘበኛ ነው ብለው እንዳይንቋት ብዬ፣ ዝም በይ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት። ከንፈሯን ነክሳ ሰዎቹን ቆጠረችና ጉዞ ጀመርን። እኔም መጨረሻ ወንበር ላይ ከበረዶ ሳጥኑ ጎን ተቀመጥኩ። ዝም በማለቷ እፎይ አልኩ። ትንሽም ከፋኝ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ባሕሪ በሚሉት በሰሜኑ የከተማው ክፍል ወጥተን ወደ ሸንዲ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ሁለት ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ አስፋልቱን ትተን አሸዋው ውስጥ ገባን። አሸዋው እንዳይውጠን ሾፌሩ ጎማውን አስተነፈሰ። ከዚያ ሐና ወረደች። ከመኪናው ፊት ፊት እየሄደች፣ አሸዋውን በእግሯ እየጫነች፣ በእጇ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ትለዋለች። ያ ሽበታም ሾፌር፣ መሪ በመያዝ ያረጀ ሰውዬ፣ ዓይኑን ከእጇ ላይ አይነቅልም። አንድ ጊዜ በራሱ ሐሳብ ወደ ግራ ሊል ሲል ቆም ብላ አየችው፣ ወዲያው መለሰው። እኔ ሰው ሲያዝ እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ፤ ሲያዙኝ ነው የኖርኩት። ልጃችን እንደዚያ ነበር የቆመችው።

ፓርኩ ሜዳ ነው አስኑ፣ ዓይን የማይጨርሰው ሜዳ። ጥቋቁር ኮረብቶች አሉት፣ እሾሃም ግራሮች እዚህም እዚያም፤ መሃሉ ላይ የጥንት ሰዎች የሠሩት የድንጋይ ቤተ መቅደስ ፈርሶ ይታያል። ሁሉም ወረደ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን እኔው ዘንድ ትታ ሄደች። እኔም በሩን ዘግቼ፣ ጀርባዬን ለመኪናዋ ሰጥቼ፣ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ማንም ጠብቅ አላለኝም። እስከዚያ በረሃ ድረስ ሄጄ መኪና ልጠብቅ ነበር።

ሐና ሰዎቹን ሃምሳ እርምጃ ያህል ከወሰደች በኋላ ቆመች። ዞራ ቆጠረች። አንድ ሰው ጎድሎኛል አለች በዓረብኛ። ሴትዮዋ፣ ኧረ ሁላችንም አለን፣ ሠራተኛሽ ነው መኪናው ጋ የቀረው አለቻት፤ ክፋት የለባትም፣ የመሰላትን ነው የተናገረችው። ያን ጊዜ ሐና ድምፅዋን ሳትጨምር ያለችውን በየቀኑ ለራሴ እደግመዋለሁ። ሠራተኛ አይደለም፣ እንዳንቺው እንግዳዬ ነው። ደግሞም አባቴ ነው። እሱ ሳይመጣ አልጀምርም።

ወደ እኔ መጣች። ተይ አንቺ ልጅ፣ በእኔ ምክንያት እንጀራሽን እንዳታበላሺ አልኳት። አባ፣ እዚህ የማዘው እኔ ነኝ፣ ቦርሳውን ስጠኝና ና አለችኝ። ቦርሳውን ወስዳ ለሴትዮዋ በሁለት እጇ፣ በትሕትና ሰጠቻት። እዚህ ሁሉም የየራሱን ነው የሚይዘው፣ ውሃውንም ጭምር፣ ያላ እንሂድ አለች። ማንም አልተቆጣም። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንግታ ጎኔ መጥታ፣ ሳሚሕኒ፣ ይቅር በለኝ አለችኝ። እኔም ጥፋቱ የእግሬ ነው ብዬ በልቤ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ዝቅ አደረግኩላት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አንቺ ባየሽ። ሐና አንድ ነገር ስታስረዳ መጀመሪያ በዓረብኛ ትናገራለች፣ ቀጥላ በእንግሊዝኛ ለጣልያኖቹ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ። ለአንድ ሰው ብላ፣ ሁሉም ቆሞ እየጠበቃት። አማርኛዋን ታውቂዋለሽ፣ ካርቱም ያደገ ልጅ አማርኛ ነው፤ አንዳንዱ ቃል ሲጠፋት በእጇ ትሠራዋለች። ዝሆን የተቀረጸበትን ድንጋይ አሳየችኝ። የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙበት የነበረውን፣ ሐፊር የሚሉትን ትልቅ ጉድጓድ አሳየችኝ፤ በዚህ ሁሉ በረሃ ሰው እንዴት እንደኖረ ያኔ ገባኝ። አንደኛው ጣልያን ቅርጹን በጣቱ ሊነካ ሲል አንዲት ቃል ተናገረች፣ እጁን ኪሱ ከተተ። ከሩቅ ሦስት ሚዳቋዎች አየን። ቁሙ ስትል ቆምን፣ ዝም በሉ ስትል ዝም አልን። እኔም አባቷ ዝም አልኩ።

ምሳ ግራር ሥር ነበር። ለሰዎቹ የተጠበሰ ዶሮ ቀረበ። እኔ ዕለቱ ዓርብ መሆኑን አስቤ ዳቦ ብቻ ልበላ ተሰናድቼ ነበር። ሐና ግን ለብቻ የታሰረ ሳህን አወጣች፤ ፉል፣ በሰሊጥ ዘይት ብቻ፣ አይብ ያልነካው። በየዓርቡ እንዲሁ ይዛ እንደምትሄድ ያኔ ነው የነገረችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ በረሃ፣ በሰው ዶሮ መሃል፣ ጾሟን ስትጾም እኔ ደግሞ ማተቧን ሳትረሳ አልቀረችም እያልኩ አዝን ነበር። ከአንድ ሳህን በላን። በጣም አፈርኩ፣ በጣምም ኮራሁ።

ስንመለስ ከተማው መግቢያ ላይ ፍተሻ ነበር። ወታደሩ ገባና ዓይኑ በቀጥታ እኔ ላይ አረፈ። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። እኛን ሲያዩ የሚጠይቁት ስማችንን አይደለም፣ የማን እንደሆንን ነው። መስኡልህ ማነው አለኝ፣ ኃላፊህ ማለቱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ የቤቱን ጌታ ስም እየጠራሁ ነው ያለፍኩት። አፌ ያንኑ ስም ሊጠራ ከተከፈተ በኋላ ተመለሰ። ፊት የተቀመጠችውን ሐናን በጣቴ አሳየሁትና፣ ቢንቲ አልኩት። ልጄ ናት።

ሐና ዝርዝሯን ሰጠችው። ወታደሩ እንግዶች ከሚለው ሥር ስሜን ከነአባቴ ስም ጮክ ብሎ አነበበ። ሙላት ዘለቀ። ከዚያ ወረቀቱን መለሰላትና በሰላም ግቡ አለን።

አስኑ፣ እኔ ስለ ልጄ ተሳስቼ ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ። ማታ ቤት ስንገባ ነግሬያታለሁ። አውቃለሁ ብላ ጫማዋን ማራገፏን ቀጠለች።

ሙት ዓመትሽ በደረሰ ቁጥር፣ ሰው ተሰብስቦ ልጃችሁን እንዴት አድርጋችሁ አሳደጋችኋት ባለኝ ቁጥር፣ የምመልሰውን አሁኑኑ ልንገርሽ። ለአንቺ የማልኩት እኔ ነኝ፣ መሐላውን የጠበቀችው ግን ሐና ናት። እኔ ያደረግኩት አስመስዬ ለማንም እንዳልናገር፣ እስክንገናኝም ድረስ እንዳልረሳው ቃሌ ነው።

ባልሽ ሙላት፣
ከሶባ