ከግድቡ ማዶ ስንቀር

ቅዳሜ

ተታልያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ተፈራ «ነፋስ ተቀብለን፣ አንድ ሌሊት አድረን እንመለሳለን» ብሎ ነው ያመጣኝ። ከሰፈራችን ከሳቢያን ስንነሳ መኪናው ውስጥ እሱ፣ ሚስቱ ስንዱና እኔ ብቻ ነበርን። ግድቡ ጋ ስንደርስ አንድ ሰው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ድንኳን ደጅ ቆሟል። አቶ ካሳሁን። ስንዱ ከፋሲካ ወዲህ «ጨዋ ሰው፣ ሚስቱ የሞተችበት» እያለች ስታነሳው የከረመችው ሰውዬ።

ቦታው ያምራል፣ አልዋሽም። ከዚያ ሁሉ አቧራና እሾህ በኋላ ድንገት ውሃ። በሐይቁ ዳር ድንኳኖች፣ የልጆች ዥዋዥዌ፣ አንዲት ጀልባ። ጠባቂውም አብሳዩም አብዲ የሚባል ሶማሌ ነው። ፍየል ጠበሰልን። እኔን ከአቶ ካሳሁን ጎን አስቀመጡኝ።

ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ጋሼ «ከእንግዲህ ማንም አይፈርድብሽም» ይላል። የሰው ፍርድ መች አስጨነቀኝ?

ሌሎቹ መዝናናት የመጡት ሰዎች ሲመሽ ወደ ከተማ ተመለሱ። አብሬያቸው መሄድ ነበረብኝ። ልጄ ማህሌት ጎረቤቴ ኸድራ ጋ ናት። ነገ ከሰዓት ቤቴ ነኝ።

እሁድ

ቤቴ አይደለሁም።

እዚህ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ሲዘንብ አድሮ፣ ጠዋት ስንነቃ ሐይቁ ከፊት ያሉትን ድንኳኖች እየነካ ነበር። እኔና ስንዱ ፍራሻችንን ተሸክመን ወደ ላይ ሸሸን። ግድቡ ሞልቶ ትርፉ ውሃ ይወርዳል። የሚወርደው ደግሞ ትናንት አሸዋውን አቋርጠን በመጣንበት ቦይ ነው። ሌላ መንገድ እንዳለ አብዲን ጠየቅኩት። ከኋላ ገደል ነው አለኝ።

ጋሼ ሳቀ። እግዜር ራሱ ጊዜ ሰጣችሁ አለን። አቶ ካሳሁን ጫማውን ጫማውን ያያል።

ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ወጥቼ ኸድራ ጋ ደወልኩ። ማህሌት ስልኩን ተቀብላ፣ «እማ፣ የሄድሽው ልታገቢ ነው?» አለችኝ። ከአጎቷ ልጆች ሰምታ ነው። መልስ ሳልሰጣት ተቋረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አልገባ አለ። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሰኞ

ውሃው አልጎደለም። የቀረን ፓስታ፣ ሽንኩርት፣ ትንሽ ቴምር። ሥራ ቀረሁ። ልጄ ትምህርት ቤት ትሂድ አትሂድ አላውቅም። ሐይቁን ማየት አስጠላኝ። ዞር ባልኩበት ሁሉ ወይ ውሃ ነው ወይ ስንዱ።

እኔንና አቶ ካሳሁንን ሆን ብለው እንጨት እንድንለቅም ላኩን። አንድ አንድ እቅፍ ለቀምን። በኋላ ቀና ብሎ፣ «ወይዘሮ ራሔል፣ እኔ እኮ እሺ ብለዋል ተብዬ ነው የመጣሁት» አለኝ።

«አንድም ቀን የጠየቀኝ የለም» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እንጨቱን ተሸክሞ ሄደ፣ ፍራሹንም አንስቶ አብዲ ጎጆ ገባ። መሸሻ ስለሌለ ነው እንጂ ከዚያም ርቆ በሄደ ነበር። አዘንኩለት። ለካ እሱም እንደኔ ተታሎ ነው።

ጋሼ ግን ነደደ። አዋረድሽኝ አለኝ። አባታችን ሲሞት አደራ የተቀበለው እሱ እንደሆነ፣ ያለ ወንድ አርጅቼ ማየት እንደማይችል ነገረኝ። ነገ ውሃ ኖረም አልኖረም እሄዳለሁ ብሎ ተኛ። ምን አልኩት? ምንም። ሁሌም ለእሱ ዝም ነው የምለው።

ማክሰኞ

እጄ ተልጧል፣ መጻፍ ያመኛል።

ጠዋት ውሃው ቀንሶ ነበር። ጋሼ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። አብዲ «ዋርያ፣ ቆይ! ወላሂ ከታች ጉድጓድ አለ» እያለ መኪናውን በእጁ እየደበደበ ተከተለው። አልሰማውም። መሀል ሲደርስ ሞተሩ ጠፋ። ውሃው መኪናውን ወደ ጎን ይገፋው ጀመር። ስንዱ መሬት ላይ ወደቀች።

አብዲ የጀልባዋን ገመድ ግራር ላይ አሰረ። አቶ ካሳሁን ጫማውን አውልቆ፣ ሌላውን ጫፍ ወገቡ ላይ ቋጥሮ ገባ። እኔና ስንዱ ከአብዲ ጋር ገመዱን ያዝን። ጋሼን በመስኮት ጎትቶ ሲያወጣው አየሁ። ከዚያ ሁለቱም ጠፉ። መዳፌ ሲላጥ አልተሰማኝም። ስበን ስበን፣ ጭቃ ለብሰው ዳር ወጡ። መኪናው ተገልብጦ ታች ቋጥኝ ላይ ቀረ።

ጋሼን በነጠላዬ ጠቀለልኩት። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሲሻለው ልነግረው አሰብኩ። ሲሻለው ግን እንደገና ዝም እንደምል አወቅኩ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ሁለተኛ ስለ ባል እንዳታነሳብኝ። ካገባሁም እኔ መርጬ ነው። አባባ አደራ ሲልህ ጠብቃት አለህ እንጂ ስጣት አላለህም።»

ውሃውን እያየ ነጠላዬን ወደ አንገቱ ሳበው።

ረቡዕ

አብዲ ከኮረብታው ደውሎ ኖሮ፣ ሎደር የሚባለው አፈር መዛቂያ መኪና መጣ። አካፋው ውስጥ ቆመን ተሻገርን። ጋሼ ፊቱን አዙሮ ነበር የቆመው።

ማዶ ሚኒባስ ይዘን ከተማ ገባን። አቶ ካሳሁን ሲለየን እጄን በሁለት እጁ ያዘና የተላጠውን አይቶ ቶሎ ለቀቀው። «በደህና ይግቡ» አለኝ። ስልኬን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር? እንጃ።

ማህሌት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች። እንዳላገባሁ ነገርኳት። ወደፊትስ አለችኝ። የማስበው ቀን መጀመሪያ የምትሰማው አንቺ ነሽ አልኳት። አመነችኝ መሰለኝ፣ ራቷን ጨርሳ በላች።

ቅድም ስንዱ ደወለች። ጋሼ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል። «ስምሽን አያነሳም» አለችኝ፣ «በር በተንኳኳ ቁጥር ግን ቀና ይላል።»

ነገ ከሥራ በፊት እሄዳለሁ። ምን እንደምለው አላውቅም።