ማን አፍ እንዳበጀለት

ሰኞ፣ ሰኔ 9
ልብስ አጠብኩ። ነፋስ ስላለ ቶሎ ደረቀ። ከቤተ መጻሕፍት ያመጣሁትን መጽሐፍ እስከ ገጽ አርባ አነበብኩ፤ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ። በአምሳ ዓመት ለብቻ የተማሩት ንባብ ከዚህ በላይ አይሮጥም።

ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ታንጉ ከሌላው ሕንፃ ሴቶች ጋር በሩ ላይ ተቀምጣለች። የባሌ እህት ናት። እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሷ አራተኛ። ባሌ ታከለ ከሞተ ጀምሮ፣ አሥራ አራት ዓመት፣ ከራሴ በላይ ስትራመድ እሰማታለሁ። አጠገቧ እስክደርስ ጠበቀችና ለሴቶቹ፣

"ወንድሜ እኮ ዝምተኛ ነበር" አለች። "ማን አፍ እንዳበጀለት እንጃ።"

እንደ ሁልጊዜው። እንዴት ዋላችሁ ብዬ አለፍኩ፣ ዞሬ ተመለስኩ። ቤት ስገባ የቆሻሻው ከረጢት አሁንም በእጄ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11
ልወጣ ስል እግሯን ደረጃው ላይ ሰማሁ። እስክታልፍ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ቆማ ከአንድ ሰው ጋር ታወራለች... ዳቦ ሳልገዛ ዋልኩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12
የልጄ ልጅ ሺሬል ከጦሩ ለእረፍት መጣች። ከባቡር ጣቢያው ቀጥታ ወደ እኔ፣ ከነትልቁ ቦርሳዋ። ታንጉ ደረጃው ላይ ስትነካካኝ ሰምታለች።

"ሳፍታ" አለች፣ በዕብራይስጥ አያቴ ማለቷ ነው፣ "ለምን ዝም ትያለሽ? አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ንገሪያትና ታቆማለች።"

ጠብ አልወድም አልኳት። ውሸት ነው። ይህን ደብተር የሰጠችኝ እሷ ናት። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል እዚህ መዋሸት አያስፈልገኝም።

አንድ ጊዜ ባለሱቁ ሰረቅሽ ብሎኝ ቦርሳዬን ፊቱ ላይ ገልብጬለታለሁ። በሐሰት የሚነካኝን አልፈራም ማለት ነው። ታንጉን ግን...? እሷ አውቃ ነው ወይስ ሳታውቅ የምትወጋኝ? አፌን ከከፈትኩ የሚወጣውን ነው የምፈራው።

እሑድ፣ ሰኔ 15
ትናንት ሰንበት ነበር፣ አልጻፍኩም። ከዓርብ ጀምሮ ጦርነት ነው፤ አዛካው፣ የሚሳይል ማስጠንቀቂያው፣ ይጮሃል። ሺሬልን ወደ ጦሩ ጠሯት፤ ቁርሷን ሳትጨርስ ሄደች።

ሕንፃችን አሮጌ ነው፣ በየቤቱ መጠለያ የለውም። ምድር ቤት ያለው ሚክላት ለሁሉም አንድ ነው። መጀመሪያ ሲጮህ ወረድኩ። ታንጉ ከበሩ ትይዩ ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፣ እሷ እኔን። እዚያ አማርኛ የምንሰማ ሁለታችን ብቻ ነን። ለግድግዳው እንደምትነግር ሆና ያችኑ ንግግር ደገመች።

ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው አልወርድም። በሁለተኛውና በመጀመሪያው ፎቅ መካከል መስኮቱ አጠገብ እቆማለሁ። ዛሬ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። እጄን ጫንኩበት፣ የሚያቆመው ይመስል። ከሚሳይልና ከአንዲት አሮጊት አሮጊቷን ፈራሁ። ይህ የጤና ነው?

ሰኞ፣ ሰኔ 16
ነገ ባልኖርስ... ልጻፈው።

ታከለ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ አንድ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። አለቃው በሰው ፊት ያላግጥበታል፤ አነጋገሩን እያስመሰለ ያስቃል። ታከለ እዚያ ዝም ይልና ማታ ማታ ለእኔ ይነግረኛል። ዓመት ሙሉ ሰማሁ። ሰለቸኝ። እውነቱ ይህ ነው፣ አዝኜለት አይደለም... ሰለቸኝ። አንድ ጠዋት ምሳውን እያቀበልኩት፣ "አንተ ወንድ አይደለህም? ዛሬ ካልመለስክለት ሁለተኛ እንዳትነግረኝ" አልኩት።

መለሰለት። ሁሉ እየሰማ። እዚያው አባረሩት። የሠራተኛውን አውቶቡስ መጠበቅ አፍሮ ነው መሰለኝ፣ በሐምሌ ፀሐይ ወደ ሰፈራችን ወደ ጊቫት ሃሞሬ ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው። ግማሽ ላይ ወደቀ። ልቡ። የምሳ ዕቃውን አመጡልኝ። አልተከፈተም።

በሐዘኑ ሳምንት ታንጉ ሰውን ሁሉ ጠየቀች። ያ ዝምተኛ ምን ነካው፣ ማን ምን አለው? እኔንም ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17
ከሰዓት በኋላ ጮኸ። መስኮቱ ጋ ቆሜ የሚክላቱን ቁልፍ የሚይዘው ጊል አገኘኝ። ተቆጣ። አልወርድም አልኩት። እንግዲያው እኔም እዚህ ነኝ ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። ሦስት ልጆቹ ከታች ይጠሩታል። የሰው አባት በእኔ ምክንያት... እንደገና? ወረድኩ። ክንዴን ይዞ አስገባኝ።

ታንጉ ገና ሳልቀመጥ፣ "አየሽ፣ ታከለም እንዲህ ዝምተኛ ነበር" አለች። "ማን አፍ..."

"እኔ ነኝ።"

ድምፄን አላወቅኩትም።

"አፍ ያበጀሁለት እኔ ነኝ ታንጉ። ወንድ አይደለህም ያልኩት እኔ ነኝ።"

የጊል ልጆች ዞረው አዩኝ፤ አልገባቸውም። ታንጉ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ውጡ ሲባል ቀድማ ወጣች።

አሁን ለልጆቼ ትነግራለች። ሺሬል ትሰማለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ እያየሁት ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19
ማንም አልደወለም። ከላይ የእግር ድምፅ የለም። ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ ሁለቱንም ወረድኩ። ታንጉ አልመጣችም። ጊል አሮጊቷስ አለኝ። ልጇ ጋ ሄዳ ይሆናል አልኩ።

ልጇ ጋ አልሄደችም። ውሃዋ በቧንቧው ሲወርድ እሰማለሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20
የሰንበት ሻማ ሳላበራ ቶሎ ልጻፍ።

ከቀትር በኋላ ጮኸ። በሬን ከፈትኩ፣ ሰው ሁሉ ወደ ታች ይሮጣል። እኔ ወደ ላይ ወጣሁ። የደረጃውን ብረት ይዤ እየተሳብኩ። የታንጉ በር አልተቆለፈም። ጫማዋን አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

ተነሺ አልኳት። አልተነሣችም።

"ያን ጠዋት ደወልኩለት" አለች። "ወደ ሥራ ሊሄድ አውቶቡስ እየጠበቀ ነበር። የአባቴ ልጅ ብትሆን ለአለቃህ ዝም አትልም ነበር አልኩት።"

አዛካው ይጮሃል።

"አንቺ ከሆንሽ እኔ አይደለሁም ብዬ ነው... አሥራ አራት ዓመት። አሁን አንቺም ነሽ፣ እኔም ነኝ። ምን ቀለለኝ ትርንጎ?"

በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። የታከለ ሚስት ነበር የምትለኝ። በብብቷ ገብቼ አነሣኋት። ሚክላቱ አልደረስንም፤ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ፈነዳ። ከመስታወቱ ዘወር በይ አልኳት፣ ግድግዳው ሥር ተቀመጥን። እጄን ጨበጠች፣ ያማል። እስኪያልቅ አልለቀቀችኝም።

እሑድ፣ ሰኔ 22
ቆሻሻ ልጥል ወረድኩ። ታንጉ ብቻዋን በሩ ላይ ተቀምጣለች። ሳልፍ ምንም አላለችም። ያ ዝምታ ከነገሯ ይልቅ አስፈራኝ፤ ይቅር ብላኝ ነው? እኔስ ይቅር ብያታለሁ? እግሬ ወደ ደረጃው ሊመልሰኝ ነበር። ከረጢቱን አጠገቧ አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

"ሸተተ" አለች።

"ይዘነው ስለቆየን ነው" አልኳት።

አብረን ሄደን ጣልነው።