የሹፌር ማረው አዛናው ሕይወትና ቁሐር ላይ የምትቆመው መኪናቸው

አቶ ማረው አዛናው ከአባታቸው ከቄስ አዛናው ገብረ ሐናና ከእናታቸው ከወይዘሮ አማከለች ትሁን በ1935 ዓ.ም. ወረታ አጠገብ ተወለዱ። ፊደል ከቆጠሩ በኋላ ዳዊት ለመድገም ጣራ ገዳም ገቡ። አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን አቋርጠው እናታቸውን ለመርዳት ተመለሱ። በአንድ እህል ነጋዴ መኪና ላይ በረዳትነት ጀመሩ፤ በ1958 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አውጥተው ያችኑ መኪና ያዙ። አጭር፣ አሮጌ፣ ጣሊያን ሠራሽ ነበረች። ከእርሷ ሌላ አልነዱም።

ቄስ አዛናው በበቅሎ ሲሄዱ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርሱ ወርደው ተሳልመው፣ ደጁን አልፈው ነበር ተመልሰው የሚቀመጡት። አቶ ማረው መኪናን ከበቅሎ አልለዩም። ቁሐር ሚካኤል መንገድ ዳር ነው። ሲሄዱም ሲመለሱም እዚያ ያቆማሉ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ዛፎቹን አልፈው ደጁን ተሳልመው ይመለሳሉ። ይህን ልማዳቸውን ለማንም አልተናገሩም። ከመንገድ የሚታየው ሹፌሩ ወርደው ዛፍ ውስጥ መግባታቸው ብቻ ነበር። ከዛፎቹ ጀርባ ደግሞ የአንዲት ፈት ጠላ ቤት ነበረ።

ወረታ መገንጠያ የጎንደር፣ የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ሹፌሮች መገናኛ ነው። በወይዘሮ እናኑ ሻይ ቤት ተቀምጠው ስሙ ከሥራው የሚበልጠው መኪና የትኛው እንደሆነ ሲከራከሩ ይውሉ ነበር። የአውቶቡስ ሹፌር ፀጉሩን ሲያበጥር ገደል ይገባል ይባላል፤ የቦቴ ሹፌር ሰላምታ አይመልስም፤ የጎንደር ሹፌር የሚነዳው ጡሩንባውን ነው። አቶ ማረው በዚህ ጨዋታ ላይ ብቻ አንደበታቸው ይፈታ ነበር። ስለ መሥሪያ ቤት ጂፕ ሲጠየቁ፣ “ዝናው የሹሙ ነው፤ ሹሙ ሲሻር መኪናውን መግፋት ነው” ይሉ ነበር። ደሞዝ የሚባለው ባለ ትልቅ መኪና ባልንጀራቸው፣ “ያንተዋ እኮ መኪና አይደለችም፤ ሞተር የተገጠመላት ቁና ናት” ቢላቸው፣ “ቁናም ብትሆን እህሉን ታደርሳለች። ያንተዋን ፎገራ ጭቃ ውስጥ ስትገባ የሚነዳት በሬ ነው” አሉት። አንድ ነገር ግን ሳይሰለቹ ይናገሩ ነበር፤ መኪናቸው በሐሩርም በዳገትም ግላ አታውቅም። አገር ሁሉ ይህን ሰማ።

በ1968 ዓ.ም. መኪናዋ ከነጋዴው ተወስዳ ለሕዝብ እህል ማመላለሻ ተመደበች፤ አቶ ማረውም አብረው ተመደቡ። አንድ ካድሬ ቁሐር ላይ ለምን እንደሚቆሙ ጠየቃቸው። ዘመኑ ስለ ደጅ መሳለም የሚነገርበት አልነበረም። “ጋለች፤ ላቀዝቅዛት ነው” አሉት። ሹፌሮቹ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ግላ የማታውቅ መኪና ቁሐር ላይ ብቻ ስትግል ነገሩ ሌላ ነው ተባለ።

በዚያው ዓመት አቶ ማረው ለመሪጌታ ወልደ ሥላሴ ልጅ ለወይዘሮ ይታይሽ ሽማግሌ ላኩ። ይህን የምጽፈው እኔ የአቶ ማረው አጎትም ከተላኩት አንዱ ነበርኩ። መሪጌታ አንበሳሜ በሚገኘው ቤታቸው አስቀምጠው አስተናገዱንና፣ “ሹፌር በየከተማው ሚስት አለው ሲሉ እሰማለሁ። የእናንተው ቁሐር ላይ አለችው። ልጄን በጠላ ቤት ላይ አልድርም” አሉ። ተነሥተን ተመለስን። ደሞዝ፣ “ትንሽ ጊዜ ሳትቆም እለፍ፤ ወሬው ይጠፋል” ብሎ መከራቸው። “አልችልም” አሉ። እርሱም ሌላ ወሬ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን አንበሳሜ እህል ሲያራግፉ ወይዘሮ ይታይሽን በጋቢናው መስኮት ብቻ ያዩ ነበር። ወይዘሮ ይታይሽም የመኪናዋን ድምፅ ከሌሎች ለይተው ያውቁ ነበር። ሌላ ሰው ሽማግሌ ሲልክባቸው እመነኩሳለሁ እያሉ ዓመታት አለፉ።

በነሐሴ 1974 ዓ.ም. መሪጌታ ሽንት ከለከላቸው። ጎንደር ሆስፒታል እንዲያደርሳቸው የተለመነው ባለ ስድስት ጎማ አዲስ መኪና የአንበሳሜ ዋልካ ውስጥ ሰጠመ። ሲቸግር አቶ ማረው ተጠሩ፤ ቀላሏ መኪናም አለፈች። መሪጌታና ልጃቸው ጋቢና ተቀመጡ። ቁሐር ሲደርሱ አቶ ማረው በዝናብ ውስጥ አቁመው ወረዱ።

መሪጌታ፣ “እኔ እየሞትኩ እንኳ አያልፋትም” አሉ።

ወይዘሮ ይታይሽ ወርደው ተከተሏቸው። ከዛፎቹ ማዶ በደጁ ላይ ተደፍተው አዩአቸው። ተመልሰውም ለአባታቸው፣ “ሚካኤልን እየተሳለመ ነው፤ ጠላ ቤቱን ዞር ብሎም አላየውም” አሉ።

አቶ ማረው ሲመለሱ መሪጌታ፣ “መኪናዋ ጋለች?” አሏቸው።

“አልጋለችም፣ የኔታ።”

“ታዲያ ለምን ጋለች አልክ?”

“የጠየቀኝ ካድሬ ነው፤ ምን ልበለው።”

“ለእኛስ?”

“እናንተማ አልጠየቃችሁኝም።”

መሪጌታ ጎንደር ታክመው ድነው ሲመለሱ እኛን ሽማግሌዎቹን ራሳቸው አስጠሩን። ጋብቻው በጥር 1975 ዓ.ም. ተፈጸመ። አቶ ማረው የአርባ ዓመት ሰው ነበሩ።

በ1976 ዓ.ም. ከነመኪናቸው ወደ ሰሜን ሄደው ስንቅ እንዲያመላልሱ ታዘዙ። ልጃቸው ጸሐይነሽ የተወለደችው ከሄዱ በኋላ ነው። ወይዘሮ ይታይሽ ወረታ ከመንገድ ዳር ቤታቸው ሆነው መኪና በመጣ ቁጥር ሥራቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር። አቶ ማረው በ1980 ዓ.ም. ክረምት ተመለሱ። መኪናዋ ግን ሰሜን ቀርታ ስለነበር የመጡት በሰው አውቶቡስ ተሳፍረው ነው። ወይዘሮ ይታይሽ ድምፁን ሰምተው፣ የእኛ አይደለም ብለው አልወጡም ነበር።

አቶ ማረው ከሄዱበት የደረት ሕመም ይዘው መጥተው ነበርና ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 3 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ይታይሽ ወልደ ሥላሴን፣ ልጃቸውን ጸሐይነሽ ማረውንና እናታቸውን ወይዘሮ አማከለች ትሁንን ትተው ሄደዋል።

ይህ ጽሑፍ አስቀድሞ ለባለቤታቸው ተነቦላቸዋል። የሚታረም እንዳለ ሲጠየቁ፣ “የሚታረም የለውም። አልጠገብኩትም ብለው ይጨምሩልኝ” ብለዋል። ተጨምሯል።

እግዚአብሔር የአቶ ማረውን ነፍስ ከማይደክሙበት ስፍራ ያሳርፍ፤ ለቀረነውም ልብ ይስጠን።