ነፍስ ይማር ያልካት ኦቶሞቢል

ነገሪ፣
ስትገባ እንዳትቀመጥ፤ ቆመህ አንብበው።

ኦቶሞቢላችን ተነሳች!

ከእንግዲህ መጠገኑ አይበጅም ብለን እንደተስማማነው፣ ጠዋት በኦቦ ባጫ በሬዎች አስጎትቼ ወደ ብረት ቀጥቃጩ ልወስዳት ወጣሁ። በሬዎቹ ይስባሉ፣ እኔ መሪውን ይዣለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ለስንብት ያህል ማርሽ ባስገባ ሞተሩ ጓ! ብሎ ተነሳ። በሬዎቹ ገመዱን በጥሰው ወደ መልካሳ ተፈተለኩ፤ እሷም ከኋላቸው! መንገደኛው ሁሉ ቦይ ውስጥ ገባ።

በሬዎቹን ፈልጋቸው። ኦቦ ባጫንም አንተ አነጋግርልኝ፤ ለሽማግሌ አንደበትህ ይጣፍጣል።

የሚያፈሰውን ቧንቧ በአዲሱ ነጠላህ አስሬዋለሁ።
ስለሱ ሌላ ቀን።

ትናንት “ነፍስ ይማር” ብለህ ኮፈኗን ስትዘጋ ምን እንዳልኩ በሆዴ ይቅር።

ካጠፋኋት ዳግመኛ እንደማትነሳ ታውቃለህ። ይህን ስጽፍ እንኳ ጎረቤታችን እትዬ ዘርፉ ደጃችን ላይ ውስጧ ተቀምጠው ነዳጅ መስጫውን ረግጠው ይዘውልኛል። እልልታቸው ከሞተሩ ይበልጣል።

ቤንዚኑ እስኪያልቅ ገበያውን እየዞርኩ እጠብቅሃለሁ። ድምፅዋን ስትሰማ ሮጠህ ተንጠልጠል፤ አልቆምልህም። ብንጠግናትም ብንጥላትም፣ ሁለታችንም ውስጧ ተቀምጠን እንወስናለን። ያላንተ መንዳቱ ደስ አላለኝም።

ሙሉብርሃን

በሬዎቹ ይቆዩ። መጀመሪያ ና!