ጀልባ ያልነበረባቸው ሁለት ዓመታት

ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ ጥዑመ ልሳን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ከጣና ዳር ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እንደምን ሰንብተዋል? ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? የአሰላ ብርድ በሐምሌ እንደሚከፋ ስለማውቅ፣ ለማኅሌት ሲነሡ ያን ወፍራም ጋቢ ይደርቡ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። የጉልበትዎስ ሕመም ታግሦልዎታል? እማዬስ ሳሏ ለቀቃት ወይስ አሁንም ደኅና ነኝ እያለች ትደብቃለች? ወንድሜ ባምላክና ትንሿ ኪዲ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደኅና ነኝ። በስልክ የጀመርሁት ወሬ ሁሉ «ደኅና ነኝ» በሚል ቃል እየተቆረጠ ስለሚቀር፣ የልቤን በጽሑፍ ላደርስዎ መረጥሁ። ደብዳቤውን ወደ አሰላ የምትሄድ የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ታደርስልዎታለች።

ባሕር ዳር ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከተማው ክፉ አይደለም። ሰላምታ የማይሰጠኝ ሰው የለም፤ የሚጠብቀኝ ሰው ግን የለም። ምሳዬን ከቢሮው ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጬ እበላለሁ። ሁልጊዜም መጽሐፍ እይዛለሁ፤ መጽሐፍ የያዘን ሰው ብቻውን ነው ብሎ የሚያዝንለት የለምና። እሑድ ጊዮርጊስ አስቀድሼ ስወጣ ሁሉም ከዘመዱ ጋር እየተጨዋወተ ይሄዳል፤ እኔም የምቸኩልበት ጉዳይ ያለኝ መስዬ ፈጠን እላለሁ። ይህን ለእማዬ አያንብቡላት።

ስለ ሥራዬ ስነግራችሁ ባምላክ «የሞቱ ቢሮዎች የሕይወት ታሪክ» ብሎ ቀልዶብኝ ነበር፤ ከእውነቱ ብዙ አልራቀም። በክፍለ ሀገሮቹ ዘመን ተቋቁመው የፈረሱ ኮሚቴዎችና ድርጅቶች ፋይሎቻቸው ወደ እኛ መዝገብ ቤት ገብተዋል። የእኔ ድርሻ የየአንዳንዱን አስተዳደራዊ ታሪክ መጻፍ ነው፤ ማን እንዳቋቋመው፣ ተጠሪነቱ ለማን እንደነበረ፣ ምን እንደሠራ፣ መቼና በምን ምክንያት እንዳበቃ። ፋይሉን የሚከፍት ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ገጽ ነው፤ ብዙው ሰው ደግሞ ከዚያ አልፎ አያነብም። ስለዚህ እኔ ከተሳሳትሁ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሁሉ አብሮኝ ይሳሳታል።

በጥቅምት የደረሰኝ የጣና ምዕራብ ዳርቻ የጀልባ አገልግሎት ኮሚቴ ነበር። ያን ጊዜ በሐይቁ ምዕራብ ዳር ያለችው ደልጊ በጎንደር፣ ባሕር ዳር ደግሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ስለነበሩ፣ በ1971 ዓ.ም. ከሁለቱም በተውጣጡ አባላት ተቋቋመ። አንዲት የሞተር ጀልባ ነበረችው። በየሳምንቱ የደልጊን ገበያተኛና ሕመምተኛ ወደ ባሕር ዳር ታመላልስ ነበር። ነዳጅ ባለቀ ቁጥር ጎንደር ወደ ጎጃም፣ ጎጃም ወደ ጎንደር ይጽፋል፤ ሁለት አባት እንዳለውና አንዱም ጫማ እንደማይገዛለት ልጅ ያለ ኮሚቴ ነበር።

ከአባላቱ በሕይወት ያሉት ጸሐፊው አቶ ገድሉ ብቻ ናቸው። ሰማንያ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሚስታቸው አርፈዋል፣ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል። ለመጠየቅ መጀመሪያ የሄድሁ ዕለት ከኮሚቴው በፊት የጠየቁኝ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ነው። እርስዎ የጎጃም ሰው እንደሆኑና ወደ አሰላ እንደምን እንደሄዱ ስነግራቸው፣ ወንበሩን በእጃቸው ጠርገው አስቀመጡኝ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ እየሄድሁ ከግቢያቸው ማንጎ ሥር እንቀመጥ ነበር። «ወይዘሪት ቃለ ጉባኤ መጣች፤ ዛሬ ማንን ልትከሺ ነው?» ይሉኛል ገና ከበሩ ሳልገባ። እኔም በሳቅ እሞታለሁ። ፓፓያ እየላጡ፣ ሊቀ መንበሩ በስብሰባ መካከል እንዴት እንደሚያንኮራፉ በድምፅ ያሳዩኛል። አባዬ፣ በዚህ ከተማ የምሥቅበት ቤት ያ ብቻ ነበር።

ቃለ ጉባኤዎቹን ሁሉ አነበብሁ። የእያንዳንዱ ስብሰባ የመጀመሪያ ነጥብ «ጀልባዋ የተለመደ አገልግሎቷን በመስጠት ላይ መሆኗ ተረጋግጧል» የሚል ነው፤ ኮሚቴው እስከፈረሰበት እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ። እኔም አገልግሎቱ እስከዚያ ድረስ ሳይቋረጥ ቀጥሏል ብዬ በረቂቁ ጻፍሁ። ረቂቁን ለአቶ ገድሉ ሳነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «ሰው በዕድሜው አንድ ነገር ሠርቶ ካለፈ ይበቃዋል። የእኔ ይኼው ነው» አሉኝ። ሐዋሳ ላለችው ልጃቸው እዚያው ፊቴ ደውለው፣ የአባትሽ ሥራ በመንግሥት መዝገብ ሊገባ ነው ብለው ነገሯት።

በግንቦት የጀልባዋ ማረፊያ የት እንደነበረ ለማረጋገጥ ደልጊ መሄድ አስፈለገኝ። መንገዱ እንደሚያውቁት ስለማይታመን በሐይቁ ሄድሁ። እዚያ አቶ አለበል የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አገኘሁ። ጀልባዋ እስከ ሰማንያ ሦስት ትመጣ እንደነበር ስነግራቸው ሳቃቸው መረባቸውን አስጣላቸው። «ኧረ ልጄ! ሰማንያ አንድ ላይ ሞተሯን ነቅለው ወሰዱት። እኛው ነን ጎትተን ደረቅ ላይ ያወጣናት። ከዚያ ወዲያ ዶሮ ነው ያደረባት» አሉኝ። ኮሚቴው ግን እስከ መጨረሻው ይሰበሰብ ነበር ብዬ ስከራከር፣ «እሱማ ይሰበሰብ ነበር፤ እነሱ ስብሰባ ላይ፣ እኛ ታንኳ ላይ» አሉ። ከዚያ ሳቁን ተዉት። በሰማንያ ሁለት ክረምት ሚስታቸው ምጥ ጠንቶባት፣ በደንገል ታንኳ ከባሕር ዳር ወደምትቀርበው ወደ ጎርጎራ ቀዝፈው ሲወስዷት ልጁ መንገድ ላይ ሞተ። ይህን በለቅሶ አልነገሩኝም፤ መረባቸውን እየጠገኑ ነው። በመጨረሻ ቀና ብለው፣ «ወረቀቱ ጀልባ ነበረ ይላል አልሽኝ? ታዲያ ጀልባ ከነበረ እኔ ምን ቆርጦኝ በታንኳ ወሰድኋት?» ብለው ጠየቁኝ።

ከተመለስሁ በኋላ ባለው እሑድ ለአቶ ገድሉ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። አልካዱም። ሞተሩን ሌላ መሥሪያ ቤት ለአጭር ጊዜ ብሎ በውሰት ወስዶ አስቀረው። የመጀመሪያው ነጥብ ደግሞ ካለፈው ቃለ ጉባኤ ላይ እየተገለበጠ የሚጻፍ እንጂ ማንም የሚወያይበት አልነበረም። ሊቀ መንበሩ «ጀልባ የለንም ብለን ከጻፍን ኮሚቴም አያስፈልግም ይሉናል፤ ኮሚቴው ከፈረሰ ደግሞ ሞተሩን ማን ይጠይቃል? እስኪመለስ ድረስ ባለበት ይሁን» አሏቸው። እሳቸውም እየገለበጡ ቆዩ። ሞተሩ እንዲመለስ ደጋግመው መጻፋቸው እውነት ነው፤ ግልባጩን አይቼዋለሁ። ምላሽ የሰጣቸው ግን አልነበረም።

«አንድ ዐረፍተ ነገር ናት» አሉኝ። «ብትተያት ማንን ትጎዳለች?»

አቶ አለበልን አልኋቸው።

«እሱን እኔ አላውቀውም።»

አቶ አለበል ግን ጀልባዋን ይጠብቁ ነበር አልሁ። ይህን ስናገር ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ጠንክሮ ወጣ። ሞተሩ መወሰዱን፣ አቶ ገድሉ ለማስመለስ መድከማቸውንም አብሬ እንደምጽፍ፣ ማንም በእሳቸው ላይ እንደማይፈርድ አስረዳሁ። አቶ ገድሉ ፓፓያውን ግማሽ ልጠው አስቀመጡትና ሬዲዮናቸውን ከፈቱ። ስነሣ አልሸኙኝም።

የክፍላችን ኃላፊ ወይዘሮ ርሆቦት ቅን ሴት ናቸው። ጉዳዩን ሳቀርብላቸው፣ «ዜማ፣ ካለፈው መስከረም ወዲህ በዚህ በር የገባ አንድ ተመራማሪ አሳዪኝ። ሽማግሌውን የምታሳዝኚው ለማን ብለሽ ነው?» አሉኝ። የደልጊው ሰው እንደ ውሸታም ተቆጥሮ እንዳይቀር ብዬ መለስሁ። ሰውየው ፋይሉን መቼም እንደማያዩት፣ ቢያዩትም እንደማያነቡት ነገሩኝ። ልክ ናቸው። ቢሆንም ያንኑ መልስ ደገምሁላቸው። በመጨረሻ «ካንቺ ጋር ከመከራከር ከጣና ዓሣ ጋር መጨቃጨቅ ይቀላል» ብለው ፈረሙልኝ። አገልግሎቱ በ1981 ዓ.ም. መቋረጡን፣ ኮሚቴው ያለ ጀልባ ሁለት ዓመት መቀጠሉን፣ በዚያ ጊዜ የአካባቢው ሰው በታንኳ ይጓዝ እንደነበር ጻፍሁ። ወሩን በእርግጠኝነት የሚነግረኝ ስላጣሁ ከሰነዶቹ ገምቼ የካቲት አልሁ።

ገጹን አንድ ቅጂ በፖስታ አሽጌ በአቶ ገድሉ በር ሥር አስገባሁ። ከእኔ ቀድሞ ሌላ ሰው እንዲነግራቸው አልፈለግሁም። ሦስት እሑዶች በራቸው ዝግ ነበር። ሬዲዮው ከውስጥ ይሰማኛል፤ አንኳኳለሁ፤ ሬዲዮው ይቀነሳል፤ በሩ ግን አይከፈትም።

ባለፈው ማክሰኞ ዝናቡ እየዘነበ ቢሮአችን መጡ። ያማረ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። ከወንበሬ ተነሥቼ እንዲቀመጡ ለመንኋቸው፤ አልተቀመጡም። የሰጠኋቸውን ገጽ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና በጣታቸው አንድ ቦታ ነኩ። «የካቲት አይደለም» አሉ። «ጥር ነው። የጥምቀት ማግስት፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲመለስ ነው የጎተቷት። እኔም ነበርሁ። ገመዱን ይዣለሁ።»

እርሳሴን አንሥቼ ፊታቸው አረምሁ። ቀና ብለው እስክጨርስ ጠበቁኝ። «እንዲህ ከሆነ ልክ ነው» አሉ፤ ባርኔጣቸውን አደረጉና ወጡ። እስከ ደጅ ተከተልኋቸው። ዝናቡን አይተው አንገትጌያቸውን አነሡ እንጂ ወደ እኔ አልዞሩም። እሑድ ነይ አላሉኝም።

አባዬ፣ ባልጽፈው ይሻል ነበር ብዬ አልጸጸትም። ገጹን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ለእሳቸውም ለአቶ አለበልም የሚገባውን እንደሰጠሁ አምናለሁ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ እንደነበር አልጠይቅዎትም፤ መልስዎን አውቀዋለሁና። የማላውቀው፣ ከዚያ በኋላ እሑድን እርስዎ እንዴት ያሳልፉት እንደነበር ነው። እሱን ብቻ ይጻፉልኝ፤ ሳያሳጥሩ።

እማዬን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ የላከችው በርበሬ ደርሶኛል፣ ቆጥቤ እየበላሁት ነው። ባምላክ ፈተናውን እንዴት እንደሠራ ራሱ ይጻፍልኝ፤ ቀልዱ ሳይቀር። ኪዲ የፊደል ገበታዋን ጨርሳ ዳዊት ጀምራ እንደሆነ ንገሩኝ፤ ስመጣ አስደግማታለሁ። ቤታችን እየመጡ ለሚጠይቋችሁ ለእትዬ ወንጌላዊት ትሕትናዬን ያድርሱልኝ። ለእርስዎ ረዥም ዕድሜ፣ ለጉልበትዎ ብርታት ይስጥልኝ።

ልጅዎ
ዜማ ጥዑመ ልሳን

ባሕር ዳር
ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.