እጅ ያልለመደ ውሻ

ኮሪካስ አካባቢ
ማክሰኞ፣ ጁላይ 9 ቀን 2019

ለልጄ ለፍራንሲና፣

የዎልቪስ ቤይ የባሕር ብርድ እንዴት አድርጎሻል? የዓሣ ፋብሪካው ሥራ ጣቶችሽን እንደሚያደነዝዛቸው ባለፈው ጽፈሽልኝ ነበር። ጓንት ደርቢ። እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ዘንድሮም ጥሎን ሄደ፤ ፍየሎቹ የረገፈ ቅጠል እየለቀሙ ይውላሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ወሬዬ አልቆ ደብዳቤውን አጣጥፈው ነበር። ዛሬ ግን የምነግርሽ አለኝ፤ ስለ ዝናብ የማወራው መጀመሪያው ስለጠፋኝ ነው።

ውሻችን ዋግተር መነሳት እያቃተው ነው።

ብርዱ ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የኋላ እግሮቹ አይታዘዙለትም። ፍየሎቹ ከጉረኖ ሲወጡ እሱ የፊት እግሮቹን ተክሎ ዳሌውን ለማንሳት ሲታገል አያለሁ። ከተነሳ በኋላ እያነከሰ ይከተላቸዋል እንጂ አይቀርም። እኔም ጉልበቴ አልታዘዝ ስላለኝ ሁለታችን ከኋላ እንጎተታለን። ጎረቤታችን አልፎንስ አጥሩን ተደግፎ ሲያየን፣ «ኤራስተስ፣ ከእናንተ ማን ማንን ነው የሚጠብቀው?» ብሎ ሳቀብን። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ለምን በአንድ ጥይት አትገላግለውም?» አለኝ።

«መጀመሪያ አንተን ልገላግልህ» አልኩት።

ከዚያ አንድ ሞኝነት ሠራሁ። ለጉልበቴ የላክሽልኝን የሕመም ማስታገሻ፣ ለእኔ ከሠራ ለእሱም ይሠራል ብዬ ሁለት ፍሬ በገንፎ ሸፍኜ አበላሁት። ሁለት ቀን ሙሉ አስመለሰው፤ ደም ነበረበት። ክፉኛ ደነገጥኩ። አልፎንስን ከተማ ልኬ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋን አስመጣሁ።

ኦቲሊ ትባላለች። በአንቺ ዕድሜ ናት፤ አፏ ግን የአክስትሽ ነው። ገና የክኒኑን እሽግ እንዳየች፣ «አባባ፣ የሰው መድኃኒት ለውሻ መርዝ እኮ ነው! ሊገድሉት ነበር!» ብላ ጮኸችብኝ። ባርኔጣዬን አውልቄ ሰማኋት። ሴት ልጅ ስትቆጣኝ ቆሜ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ብታዪኝ ትስቂ ነበር።

ሆዱን የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጠችው። ከዚያ እግሮቹን ስታይ ቆይታ፣ «ቁርጥማት ነው። የዳሌው መገጣጠሚያ አልቋል። እንደ ድሮው አይሆንም፤ ሕመሙን ግን ማቅለል እንችላለን» አለችኝ። ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ መኝታ፣ ከነፋስ መከለያ፣ አጭር ጉዞ አዘዘችልኝ። ስብ እያበላሁ ክብደት እንዳልጨምርበትም አስጠነቀቀችኝ። ሁሉንም አደረግኩ። እንዲያውም ቤት አስገብቼ ምድጃ አጠገብ አስተኝቼው ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ፍየሎቹ እያየ ሲያለቅስ አልቻልኩም፤ መኝታውን ጉረኖው ውስጥ ሠራሁለት። የከበደኝ ሌላው ትእዛዝ ነው። ጠዋትና ማታ ዳሌውና ጭኑ በሞቀ ጨርቅ ተይዞ፣ ቀስ ተብሎ መታሸት አለበት።

«ማንን ነው የሚለምደው?» አለችኝ።

«ማንንም። ነክተነው አናውቅም። ለፍየል ጥበቃ የሰጡን ሰዎች ከፍየል ጋር ይደግ፣ ሰው አይልመድ ብለውናል።»

«አታጫውቱት፣ ከፍየሎቹም አትለዩት ነው የሚሉት። አትንኩት ማን አለ? የማይነካ ውሻ እንዴት ይታከማል አባባ?»

ይህን ብላ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና በለሆሳስ ታናግረው ጀመር። እኔ ስጠጋው ጥርሱን የሚያሳየኝ ውሻ አንገቱን አዘንብሎ ግራ ጆሮውን ሰጣት። ከጆሮው ሥር ስታሽለት ዓይኑን ጨፈነ። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ይሄንን ውሻ በቡችላነቱ ያሻሸው ሰው አለ፤ የሴት እጅ ነው የሚያውቀው» አለች።

ፍራንሲና፣ አንቺ ነሽ። ሌላ ማን ይሆናል? እናትሽ እንደሆነች ያን ጊዜም ታማ አልጋ ላይ ነበረች። ቡችላውን ሲያመጡልን አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር፤ እንዳትነኪው ብዬ ስንት ጊዜ ጮኽኩብሽ! አንድ ቀን አቅፈሽው ባገኝሽ በቀበቶ መታሁሽ። ከዚያ በኋላ በጠየቅኩሽ ቁጥር «አልነካሁትም» ትዪኝ ነበር። እንኳንም ዋሸሽኝ ልጄ።

ቀጥሎ ያለውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ዘጠኝ ግልገሎች ቀበሮ ዘንጥሏቸው ባገኘን ጠዋት፣ «ውሻውን በማሻሸት ያበላሸሽብኝ አንቺ ነሽ» አልኩሽ። በሳምንቱ ዕቃሽን አስይዤ ወደ አክስትሽ ላክሁሽ። አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ መድኃኒትና ካልሲ ትልኪልኛለሽ፤ መጥተሽ ግን አታውቂም። ለምን አትመጣም ብዬ ለሰው ሳማርርም ኖሬአለሁ።

ውሻው አልተበላሸም ነበር። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ግልገል አላስነካም፤ ነብር እንኳ አባሯል። የዚያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማታ ከአልፎንስ ዘንድ ጠጥቼ ስመለስ ፍየሎቹን ቆጥሬ የጉረኖውን በር ሽቦ ሳላስር ገባሁ። ትልልቆቹ ወጥተው ሲበተኑ ዋግተር እነሱን ተከትሎ ሄደ፤ ግልገሎቹ ብቻቸውን ቀሩ። አንድ ውሻ ሁለት ቦታ አይሆንም። ጠዋት ሽቦው ምሶሶው ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው ሁሉም ገብቶኝ ነበር። አንቺ ከቤት ሳትወጪ ትልልቆቹን መልሼ አስገባሁና ሽቦውን አስሬ ነገሩን ደበቅሁ። ይህን ለእናትሽ ሳልነግራት ሞተች፤ ለአንቺም ሳልነግርሽ ልሞት ነበር።

አሁን ስድስት ቀኔ ነው። ጠዋትና ማታ የሞቀ ጨርቅ ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። እጄን ስዘረጋ ያጉረመርማል፤ ከእኔ ለመራቅ ብሎ ያን ደረቅ መኝታ ትቶ ቀዝቃዛው መሬት ላይ ይጎተታል። የባሰ አሳመምኩት። ኦቲሊ ዓርብ ጁላይ 19 ትመለሳለች። «ያን ቀን በራሱ መነሳት ካልቻለ አናሰቃየውም» ብላኛለች፤ መርፌውን ማለቷ ነው። ደግ ናት፤ ግን ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

ስለዚህ የምለምንሽ ይህን ነው። ስታሻሺው ምን ትዪው ነበር? ከጆሮው ቀጥሎ እጅሽ ወዴት ይሄድ ነበር? የሚጠላው ቦታ የትኛው ነው? እንዳትነኪው የከለከልኩሽ ሰውዬ አስነኪኝ ማለቴ አሳፍሮኛል። ቢያሳፍረኝም እጽፋለሁ፤ የእኔን እጅ የሚያውቀው ዱላ ሲያነሳ ብቻ ነው። አንቺም እንደዚያው።

የእናትሽ አምላክ ከመንገድ ክፉ ይጠብቅሽ፤ እጆችሽን ከብርድ፣ ልብሽን እንደ እኔ ከመድረቅ ይሰውርልኝ።

አባትሽ
ኤራስተስ

ደብዳቤውን ወደ አንቺ ለሚመጣው አውቶቡስ ሾፌር እሰጠዋለሁ። የሚመጣው ማክሰኞ አውቶቡሱ ሲገባ የአልፎንስን የአህያ ጋሪ ይዤ አስፋልቱ ዳር መልስሽን ወይም አንቺን ራስሽን እጠብቃለሁ። ባትመጪም እጠብቃለሁ።